የሕብለ ሰረሰር ነርቭ ሽፋን ዕጢዎች፦ ስለ ምርመራቸውና ስለ ቀዶ ሕክምናቸው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች አከርካሪያቸው ውስጥ ዕጢ እንዳለ የተነገራቸው ሕሙማንና አስታማሚዎቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ ሐኪምዎን በተሻለ ግንዛቤ እንዲያነጋግሩ ይረዳሉ፤ የእርስዎን ሰውነት መርምሮና ፊልምዎን አይቶ የሚወስነው ግን ሐኪምዎ ነው።

የነርቭ ሽፋን ዕጢ ምንድን ነው?

ከሕብለ ሰረሰር በግራና በቀኝ 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። እያንዳንዱ ነርቭ ሲወጣ ሁለት ሥሮች አሉት፤ የኋላኛው ሥር ስሜትን ወደ ሕብለ ሰረሰር ያስገባል፣ የፊተኛው ደግሞ ጡንቻን የሚያንቀሳቅሰውን ትእዛዝ ያወጣል። እነዚህን የነርቭ ክሮች የሚጠቀልሏቸውና የሚንከባከቧቸው ሕዋሳት አሉ። ጀርመናዊው ቴዎዶር ሽዋን እ.ኤ.አ. በ1839 ስለገለጻቸው እስከ ዛሬ የሽዋን ሕዋሳት ይባላሉ። ከእነዚህ ሕዋሳትና በነርቩ ዙሪያ ካሉ ሌሎች የሽፋን ሕዋሳት የሚነሡ ዕጢዎች በጥቅል የነርቭ ሽፋን ዕጢዎች ተብለው ይጠራሉ።

ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። ሽዋኖማ በራሱ ከረጢት ተሸፍኖ በነርቩ ጎን የሚያድግ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከስሜት ሥር ነው። ኒውሮፋይብሮማ ደግሞ ነርቩን ከውስጥ ያሳብጠዋል፤ የነርቩ ክሮች በዕጢው መካከል ስለሚያልፉ ዕጢውን ከነርቩ መለየት ይከብዳል። ከእነዚህ በተጨማሪ በጣም አልፎ አልፎ የሚገኙ አሉ፤ ክፉ (ካንሰር የሆነው) የነርቭ ሽፋን ዕጢ፣ ጥቁር ቀለም የሚያመነጨው ሜላኖቲክ የነርቭ ሽፋን ዕጢ፣ ፔሪኒውሪዮማ እና የሁለት ዓይነት ዕጢን ጠባይ አጣምረው የያዙ ቅይጦች። ስለ እነዚህ ወደ ኋላ እንመለሳለን።

ዕጢ ነው ከተባልኩ ካንሰር ያዘኝ ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ሽዋኖማም ሆነ ኒውሮፋይብሮማ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የማይዛመት ዕጢ ነው። ነገር ግን "ካንሰር አይደለም" የተባለ ሰው እፎይ ብሎ ሕክምናውን ሲያቆየው ማየት ያሳዝናል። የአከርካሪ ቦይ ጠባብ የአጥንት ቱቦ ነውና ምንም ዓይነት ክፋት የሌለው ዕጢ እንኳ በውስጡ ሲያድግ ሕብለ ሰረሰርን ይጫናል፤ ለረጅም ጊዜ የተጫነ ሕብለ ሰረሰር ደግሞ ዕጢው ከወጣ በኋላም ሙሉ በሙሉ ላያገግም ይችላል። በዚህ በሽታ ዋናው አደጋ የዕጢው ጠባይ ብቻ ሳይሆን የተቀመጠበት ቦታና ያለፈው ጊዜ ጭምር ነው።

ምን ያህል ሰው ይይዛል?

ጥቂት ሰው ነው የሚይዘው፤ በዓመት ከ100,000 ሰዎች መካከል አንድ ሰው እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ በዱራ ውስጥ፣ ማለትም ሕብለ ሰረሰርን በሚሸፍነው ጠንካራ ከረጢት ውስጥ፣ ከሚበቅሉ ዕጢዎች ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የዚህ ወገን ናቸው። ወንድ ሴት ሳይል ይከሰታል፤ በብዛት የሚታየውም ከ30 እስከ 60 ዓመት ባለው የሥራ ዕድሜ ነው።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

ቀድሞ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ነው። ዕጢው ከአንድ የነርቭ ሥር ላይ ስለሚነሣ ሕመሙ ያ ነርቭ የሚሄድበትን መስመር ይከተላል፤ አንገት ላይ ከሆነ ወደ ክንድና ጣት፣ ደረት ላይ ከሆነ ጎንን ዞሮ ወደ ፊት፣ ወገብ ላይ ከሆነ ወደ ታፋና እግር ይወርዳል። የዲስክ ሕመም ሲተኙ ጋብ ማለት ሲቀናው፣ የዕጢ ሕመም ግን ጋደም ሲሉና ሌሊት ሊብስ ይችላል። በሌሊት ከእንቅልፍ ተነሥቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያነጋ ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር ማለፍ የለበትም።

ቀጥሎ የሚመጡት የመጫን ምልክቶች ናቸው፤ እነሱም ቀስ ብለው ስለሚገቡ ታማሚው ሳያስተውላቸው ወራት ያልፋሉ። ነጠላ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ሲቀር አይታወቀውም። ፊቱን ሊታጠብ ዓይኑን ሲጨፍን ይንገዳገዳል፤ በጨለማ መራመድ ይፈራል። ታክሲ ላይ ሲወጣ እግሩን በእጁ ማንሣት ይጀምራል። ዕጢው አንገት ላይ ከሆነ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍና መጻፍ ያስቸግረዋል። እግሮቹ ይገተራሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ራሳቸውን ችለው ይንቀጠቀጣሉ። ዕጢው ሕብለ ሰረሰርን ከአንድ ጎን ሲጫነው አንዱ እግር እየደከመ ሌላው ደግሞ ሙቀትና ሕመም የማይለይ ሊሆን ይችላል፤ ሞቅ ያለ ውኃ በአንዱ እግር ተሰምቶት በሌላው የማይሰማው ሰው ይህንኑ እየነገረን ነው።

ሽንት አልመጣ ማለት፣ ሽንት ወይም ሰገራ ማምለጥ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ፣ ወይም በሰዓታትና በቀናት ውስጥ የሚጨምር የእግር መድከም ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

ለወራት "ዲስክ ነው" ስባል ቆይቼ ዕጢ መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ይህ ለምን ይሆናል?

ይህ ጥያቄ በቁጭት የሚጠየቅ ነው፤ ቁጭቱም ተገቢ ነው። ምክንያቱ ግን አንድ ብቻ አይደለም።

አንደኛው የወገብና የጀርባ ሕመም እጅግ የተለመደ መሆኑ ነው። የወገብ ሕመም ይዟቸው ከሚመጡ ሰዎች አብዛኞቹ ዕጢ የለባቸውም፤ ሐኪሙም በቅድሚያ የሚያስበው የተለመደውን ነው። በኤምአርአይ ፊልም ላይ ትንሽ የዲስክ መገፋት ደግሞ ምንም ሕመም በሌለባቸው ሰዎች ላይ እንኳ ይታያል፤ ስለዚህ "ዲስክ" የሚል ቃል በውጤቱ ላይ መገኘቱ የሕመሙ ምንጭ ዲስኩ ነው ማለት አይደለም።

ሁለተኛውና በእኔ እምነት ከሁሉም የሚከፋው የተሳሳተ ቦታ መነሣት ነው። እግሩ የደከመ ሰው ብዙ ጊዜ የሚታዘዝለት የወገብ ኤምአርአይ ነው። ሕብለ ሰረሰር ግን የሚያበቃው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። ዕጢው ደረት ወይም አንገት ላይ ከሆነ የወገቡ ፊልም ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፣ ታማሚውም "ምንም የለብህም" ተብሎ ይሸኛል። ይህን ስሕተት የሚከላከለው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ በእጅ የሚደረግ ምርመራ ነው። ሐኪሙ ጉልበትን በትንሿ መዶሻ ሲመታ እግሩ ከልክ በላይ ከተወረወረ፣ ውስጥ እግርን ሲጭር አውራ ጣት ወደ ላይ ከተነሣ፣ ደረቱን በመርፌ ጫፍ እየነካ ሲወርድ ስሜት የሚለወጥበት መስመር ካገኘ ችግሩ ከወገብ በላይ መሆኑን ያውቃል። እግርዎ ደክሞ ማንም በመዶሻ ሳይመታዎ የወገብ ኤምአርአይ ብቻ ከታዘዘልዎ "ከላይ ያለውስ መታየት የለበትም ወይ?" ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ሦስተኛው ሌሎች በሽታዎች የሚመስሉ መሆናቸው ነው። ደረትን ዞሮ የሚያቃጥል ሕመም ሽፍታው ገና ያልወጣ አልማዝ ባለጭራ ሊመስል ይችላል፤ ከደረት በታች የሚሰማው የጨጓራ ወይም የሐሞት ከረጢት ሕመም ተብሎ ለረጅም ጊዜ መድኃኒት ይወሰድለታል። በአገራችን ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ በስፋት ስለሚገኝ ጀርባ የሚያመውና እግሩ የሚደክም ሰው በቅድሚያ በቲቢ መጠርጠሩ ስሕተት አይደለም። ልዩነቱ በፊልሙ ላይ ይታያል፤ ቲቢ አብዛኛውን ጊዜ የአከርካሪ አጥንቶቹንና በመካከላቸው ያለውን ዲስክ ይበላል፣ መግልም ይቋጥራል፣ የነርቭ ሽፋን ዕጢ ግን አጥንቱን ቀስ ብሎ እየገፋ ያሳሳዋል፣ ነርቩ የሚወጣበትንም ቀዳዳ ያሰፋዋል።

በተጨማሪም ብዙዎቻችን ወገባችንን "ብርድ መታው" ብለን ወጌሻ ዘንድ እንሄዳለን። ማሸት ዕጢውን አያጠፋውም፤ የተዳከመ አጥንት ካለም ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ጠበል መጠመቅ የሚፈልግ ሰው መጠመቁን ሳይተው ምርመራውንም ሊያደርግ ይችላል፤ ሁለቱ አይጋጩም።

ኤምአርአይ ምን ያሳያል? ሲቲ ስካን አይበቃም?

ዋናው ምርመራ ኤምአርአይ ነው፤ ዕጢ ከተጠረጠረም ጋዶሊኒየም የተባለው ኮንትራስት በደም ሥር ተሰጥቶ መነሣት አለበት። ትንሽ ዕጢ ያለ ኮንትራስት በተነሣ ፊልም ላይ ከነርቭ ሥሮች መካከል ሳይለይ ሊታለፍ ይችላል፤ ኮንትራስት ሲሰጥ ግን ደምቆ ይወጣል። ኤምአርአይ ቲ1 እና ቲ2 የሚባሉ የተለያዩ የምስል ዓይነቶች አሉት፤ ዕጢው በቲ2 ምስል ላይ አብዛኛውን ጊዜ ነጣ ብሎ ይታያል፤ በውስጡ ውኃ የቋጠረ ክፍል ካለው ሽዋኖማ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። ሜላኖቲኩ ዓይነት በቀለሙ ምክንያት ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ይሆናል፤ በቲ1 ነጭ፣ በቲ2 ጥቁር። ይህን ያስተዋለ ሐኪም ከቀዶ ሕክምናው በፊት መዘጋጀት ይችላል።

ሲቲ ስካን የሚያገለግለው አጥንቱን ለማየት ነው። የነርቩ ቀዳዳ ምን ያህል እንደሰፋ፣ የአከርካሪው ጀርባ እንደተሰረሰረ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ብሎን ያስፈልግ እንደሆነ ያሳያል። ዕጢው አንገት ላይ ሆኖ ወደ አንጎል ደም ወደሚወስደው የአከርካሪ ደም ቧንቧ የተጠጋ ከሆነ የደም ሥር ሲቲ ይታከላል። ዕጢው ከአንድ በላይ ከሆነ መላው አከርካሪና አንጎል መታየት አለባቸው።

ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ያለው፣ ኩላሊቱ የደከመ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ታማሚ ከመነሣታቸው በፊት ለራዲዮሎጂ ባለሙያው መናገር አለባቸው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት በመርፌ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል?

በዱራ ውስጥ ያለ፣ መልኩ ሽዋኖማ የሚመስል ዕጢ ከሆነ በተለምዶ አያስፈልግም። መርፌው ነርቩን ሊጎዳና ከባድ ሕመም ሊያስነሣ ይችላል፤ ዕጢውም ለማንኛውም የሚወጣ ነው። ዕጢው ከአከርካሪው ውጭ ትልቅ ሆኖ ከታየ፣ በፍጥነት ካደገ ወይም ክፉ ነው ተብሎ ከተጠረጠረ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያኔ በሲቲ ስካን እየታየ ናሙና ይወሰዳል፤ ምክንያቱም ክፉ ዕጢን ማውጣት ገና ከመጀመሪያው በሌላ ዕቅድ የሚሠራ ሥራ ነው። ኒውሮፋይብሮማቶሲስ በሚባለው፣ ብዙ የነርቭ ዕጢዎችን በሚያበቅለው በዘር የሚተላለፍ ችግር የተያዘ ታማሚ ከሆነ ፔት ስካን የተባለው ምርመራ በሚገኝበት አገር ከብዙ ዕጢዎች መካከል የትኛው እንደሚያጠራጥር ለመለየት ይረዳል።

ዕጢ የተገኘበት ሁሉ ኦፕራሲዮን መደረግ አለበት?

የለበትም። በሌላ ምክንያት በተነሣ ፊልም ላይ በአጋጣሚ የታየ፣ ትንሽ የሆነና ምንም ምልክት ያላመጣ ዕጢ በየጊዜው ኤምአርአይ እየተነሣ ሊጠበቅ ይችላል። ምልክት ካመጣ፣ ሕብለ ሰረሰርን ከተጫነ፣ በተከታታይ ፊልሞች ላይ ካደገ ወይም ክፉ ተብሎ ከተጠረጠረ መውጣት አለበት። በመጠበቅና በመዘግየት መካከል ያለው ልዩነት የክትትል ቀጠሮው ነው፤ ቀጠሮ የሌለው መጠበቅ ክትትል አይባልም።

ቀዶ ሕክምናው እንዴት ይከናወናል?

የአከርካሪ ዕጢ በተሳካ ሁኔታ የወጣው ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1887 ለንደን ውስጥ ነው፤ ሐኪሙ ዊሊያም ጋወርስ ዕጢው ያለበትን ቦታ ያለ ምንም ፊልም፣ ሰውነትን በመመርመር ብቻ ገመተ፣ ቪክቶር ሆርስሊም ከፍቶ አወጣው። ታማሚው ከሽባነቱ ተላቆ ተራመደ። ዛሬ ያለው አሠራር ከዚያ የተለየ ቢሆንም መሠረቱ አንድ ነው፤ ቦታውን በትክክል ማወቅ፣ ከዚያም ሕብለ ሰረሰርን ሳይነኩ ዕጢውን ማውጣት።

ታማሚው ሙሉ ሰመመን ከተሰጠው በኋላ በሆዱ ይተኛል። ቆዳው ከመቀደዱ በፊት በራጅ እየታየ ቦታው ይረጋገጣል፤ በተለይ ደረት ላይ አንድ አጥንት መሳሳት ቀላል ስለሆነ ጠንቃቃ ሐኪም ይህን ሁለት ጊዜ ያደርገዋል። ከዚያ ጡንቻው ወደ ጎን ተገፍቶ፣ የአከርካሪው የኋላ ክዳን፣ ማለትም ላሚና የሚባለው አጥንት፣ ይነሣል። ትንሽ ዕጢ ከሆነ የአንድ ጎን ላሚና ብቻ ሊበቃ ይችላል፤ አጥንት በቀነሰ ቁጥር የጀርባው ጥንካሬ ይጠበቃል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በማይክሮስኮፕ ነው። ዱራው በመካከል ተቀድዶ ጠርዞቹ በስስ ክር ወደ ግራና ቀኝ ይወጠራሉ፣ እንደ ውኃ የጠራው የሕብለ ሰረሰር ፈሳሽም ይወጣል። ዕጢው ቢጫ ወይም ግራጫ፣ ለስላሳና ድብልብል ሆኖ ይታያል፤ ሕብለ ሰረሰሩ በጎኑ ሳስቶና ተጣሞ ተገፍቷል። ሐኪሙ ዕጢውን ጎትቶ አያወጣውም፤ ጎትቶ ማውጣት ሕብለ ሰረሰሩን ይጎዳዋል። ትልቅ ከሆነ በመጀመሪያ ከረጢቱን ቀድዶ ውስጡን በአልትራሳውንድ መሣሪያ እየመጠጠ ያጎድለዋል፤ ዕጢው ሲሟሽሽ ከረጢቱ ከሕብለ ሰረሰሩ እየተላቀቀ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። በመጨረሻ ከላይ ገብቶ ከታች የሚወጣው አንድ ቀጭን የነርቭ ክር ብቻ ይቀራል።

ያን ክር ከመቁረጡ በፊት በአነስተኛ ኤሌክትሪክ ይነካዋል። በእግር ወይም በክንድ ጡንቻ ላይ የተተከሉት መርፌዎች ምንም እንቅስቃሴ ካላሳዩ ክሩ ለመንቀሳቀስ የማያገለግል ነውና ይቆረጣል። ይህ የነርቭ ክትትል በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሁሉ ከአንጎል ወደ እግር የሚወርደውን መልእክት ይከታተላል፤ መልእክቱ ከደከመ ሐኪሙ ሥራውን ገታ አድርጎ ምክንያቱን ይፈልጋል። መሣሪያው በማይገኝበት ቦታም ቀላሉን ዕጢ በማይክሮስኮፕና በልምድ በደኅና ማውጣት ይቻላል፤ ከሕብለ ሰረሰር ጋር ለተጣበቀ ወይም ለክንድና ለእግር ዋና ከሆነ ነርቭ ለተነሣ ዕጢ ግን መሣሪያው ያለበትን ቦታ መፈለግ ተገቢ ነው እላለሁ።

ዕጢው ከወጣ በኋላ ዱራው ፈሳሽ በማያሳልፍ መልኩ ይሰፋል። ሐኪሙ ሰመመን ሰጪውን የሳንባ ግፊት ለጥቂት ሰከንድ ከፍ እንዲያደርግለት ጠይቆ በስፌቱ መካከል ፈሳሽ የሚያሾልክ ቦታ እንዳለ ይመለከታል፤ ካለ ይደግመዋል።

ነርቩ ከተቆረጠ ሽባ እሆናለሁ?

ይህ ፍርሃት ብዙ ሰው ከሕክምና ያስቀረ ነውና በግልጽ መመለስ አለበት። ሽዋኖማ የሚነሣበት የነርቭ ክር ብዙውን ጊዜ በዕጢው ምክንያት ሥራውን አቁሟል፤ ሥራውንም አጎራባች ነርቮች ተክተውታል። ስለዚህ ክሩ ሲቆረጥ ብዙ ታማሚዎች የሚያስተውሉት ለውጥ የለም፤ አንዳንዶች የተወሰነ የቆዳ ክፍል ይደነዝዛቸዋል፣ ጥቂቶች ደግሞ የአንድ ጡንቻ ድካም ይቀርባቸዋል። አንድ የደረት ነርቭ መቆረጡ እምብዛም አይታወቅም፤ ወደ ክንድና ወደ እግር በሚሄዱት ላይ ግን ሐኪሙ ይበልጥ ይጠነቀቃል፣ አንዳንድ ጊዜም ነርቩን ለማዳን ሲል ከከረጢቱ ጥቂት ይተዋል።

በሕብለ ሰረሰር ላይ የሚደርስ ጉዳት ሊኖር የሚችል ቢሆንም ልምድ ባለው እጅ የተለመደ አይደለም። ውጤቱን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ታማሚው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገባ የነበረበት ሁኔታ ነው። በእግሩ እየሄደ የገባ አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ እየሄደ ይወጣል፤ ለወራት አልጋ ላይ የቆየ ግን ቢሻለውም እንኳ መሻሻሉ አዝጋሚና ያልተሟላ ሊሆን ይችላል።

ዕጢው ከአከርካሪው ውጭም ወጥቷል ተባልኩ። ይህስ እንዴት ይወጣል?

አንዳንድ ዕጢ ግማሹ በቦዩ ውስጥ፣ ግማሹ በነርቩ ቀዳዳ አልፎ ውጭ ሆኖ፣ ወገቡ የታሰረ ይመስላል። ከኋላ ብቻ ተገብቶ ሊወጣ ይችላል፤ ሆኖም የሁለት አጥንቶች መጋጠሚያ መነሣት ካለበት ጀርባው እንዳይላላ በብሎንና በዘንግ ይታሰራል። ደረት ውስጥ የገባ ትልቅ ዕጢ ሲሆን የደረት ቀዶ ሐኪም ይጨመራል። በአንድ ቀን ወይም በሁለት ዙር ሊሠራ ይችላል፤ በሁለት ዙር ከሆነ ሕብለ ሰረሰሩን የሚጫነው ክፍል ይቀድማል።

የወጣው ዕጢ ለምን ወደ ፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና ምርመራ) ይላካል? ሐኪሙ አይቶት የለም ወይ?

ዓይን አይበቃም። የዕጢው ዓይነት የሚታወቀው በፎርማሊን ተቀምጦ፣ በፓራፊን ተይዞ፣ ተቆርጦና ተቀልሞ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ሽዋኖማ ሕዋሳቱ የተሰለፉበት ጥቅጥቅ ያለ ክፍልና ሳሳ ያለ ክፍል አለው፤ ኤስ100 እና ሶክስ10 የሚባሉት ማቅለሚያዎችም ያረጋግጡታል። በክፉው ዕጢ ላይ እነዚህ ማቅለሚያዎች ሊደበዝዙ ወይም ሊጠፉ ይችላሉ። ሜላኖቲኩ ዓይነት ደግሞ ከቆዳ ካንሰሩ ሜላኖማ ጋር ስለሚመሳሰል ልምድ ያለው ፓቶሎጂስት ሊያየው ይገባል። ቀድሞ እንደ ቀላል ዕጢ ይቆጠር የነበረው ይህ ዓይነት ተመልሶ የሚመጣና ወደ ሌላ አካል የሚዛመት መሆኑ ስለታወቀ የዓለም ጤና ድርጅት በቅርብ ዓመታት ምደባው ከክፉዎቹ ተርታ አስገብቶታል። ካርኒ ኮምፕሌክስ ከተባለ በዘር ከሚመጣ ችግር ጋርም ሊያያዝ ይችላል፤ በዚህ ችግር ልብ ውስጥ ዕጢ ስለሚበቅል ታማሚው የልብ አልትራሳውንድ ቢነሣ መልካም ነው።

የፓቶሎጂ ውጤትዎን ሳይቀበሉ ፋይልዎ ተዘጋ አይበሉ። ወረቀቱንና የኤምአርአይ ሲዲውን እቤትዎ ያስቀምጡ፤ የፓራፊን ብሎኩ፣ ማለትም በሰም የተያዘው የዕጢው ናሙና፣ በየትኛው ቤተ ሙከራ እንዳለም ይመዝግቡ። ከዓመታት በኋላ ዕጢው ቢመለስ ንጽጽሩ የሚሠራው በእነሱ ነው።

ዕጢው ክፉ ሆኖ ከተገኘስ?

ክፉ የነርቭ ሽፋን ዕጢ ጠንካራ በሽታ ነው፤ ይህን መሸፋፈን ታማሚውን አይጠቅምም። ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት 1 ባለባቸው ሰዎች ላይ ነው፤ አንዳንዱም ከዓመታት በፊት ጨረር በተሰጠበት ቦታ ላይ ይነሣል። የቆየ ዕጢ በድንገት በፍጥነት ካደገ፣ ከጠጠረ ወይም ዕረፍት የማይሰጥ ሕመም ካመጣ መጠርጠር አለበት። የሚመረጠው ሕክምና ዕጢውን በዙሪያው ካለ ጤነኛ ሥጋ ጋር ማውጣት ነው፤ በሕብለ ሰረሰር አጠገብ ይህ ሁልጊዜ ስለማይቻል ጨረር ይከተላል። ዶክሶሩቢሲንና አይፎስፋማይድ የተባሉት መድኃኒቶች በአንዳንዶች ላይ ይሞከራሉ፤ ውጤታቸው ግን ውሱን ነው። ወደ ሳንባ ስለሚዛመት የደረት ሲቲ በየጊዜው ይነሣል። እንዲህ ያለ ታማሚ ቀዶ ሐኪሙ፣ የካንሰር ሐኪሙ፣ የጨረር ሐኪሙና ፓቶሎጂስቱ በአንድነት ሊወያዩለት ይገባል። ሕመም ማስታገሥም የሕክምናው አካል እንጂ ተስፋ የመቁረጥ ምልክት አይደለም።

ያለ ቀዶ ሕክምና በጨረር ወይም በመድኃኒት አይድንም?

ሕብለ ሰረሰሩ ለተጫነበትና ቀዶ ሕክምና ለሚችል ሰው ቀዶ ሕክምናው ይቀድማል፤ ጨረር መጫኑን ቶሎ አያነሣም። በአንድ ነጥብ ላይ የሚያነጣጥረው የጨረር ሕክምና ግን ተመልሶ ለመጣ፣ ተርፎ ለቀረ ወይም ሰመመን ለማይችል ታማሚ ይጠቅማል። ዴክሳሜታሶን እብጠቱን ለጥቂት ቀናት ያስታግሣል እንጂ ዕጢውን አያጠፋም። ከመድኃኒቶች መካከል ሰሉሜቲኒብ የኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት 1 ላለባቸውና በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የማይችል የተንሰራፋ ኒውሮፋይብሮማ ለያዛቸው ልጆች እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ለተለመደው ነጠላ ሽዋኖማ ግን እስካሁን የሚተካው መድኃኒት የለም።

በዘር ይተላለፋል? ልጆቼስ?

ነጠላ ሽዋኖማ አብዛኛውን ጊዜ በዘር አይተላለፍም። ዕጢዎቹ ብዙ ከሆኑ ወይም ታማሚው ወጣት ከሆነ ግን ሦስት ችግሮች ይታሰባሉ። ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት 1 ወደ 3,000 ከሚጠጉ ሰዎች አንዱን የሚይዝ ሲሆን በቆዳ ላይ ቡና የፈሰሰበት የሚመስሉ ነጠብጣቦችንና ለስላሳ እባጮችን ያወጣል። ዓይነት 2 የሚባለው በሁለቱም የጆሮ ነርቮች ላይ ሽዋኖማ ያበቅላል፤ የመስማት ችግርና የጆሮ ጩኸት ካለ መጠየቅ አለበት። ሦስተኛው ሽዋኖማቶሲስ ነው፤ ሕመሙ ይበረታል። በሁለቱ የኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነቶች ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ከወላጅ ሳይወርሱ በአዲስ የዘረ መል ለውጥ የሚታመሙ ናቸው፤ በሽታው ያለበት ሰው ግን ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ቆዳ ላይ በሚታየው እባጭ ምክንያት ሰውን እንደ እርግማን ማየት ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ በንክኪም አይተላለፍም።

ይህ ቀዶ ሕክምና በኢትዮጵያ ይሠራል? ውጭ አገር መሄድ ይኖርብኛል?

ይሠራል። የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በትብብር ተጀምሮ ብዙ ሐኪሞችን አፍርቷል፤ በዱራ ውስጥ ያለ የተለመደ ሽዋኖማም እነዚህ ሐኪሞች ከሚያውቁት ሥራ አንዱ ነው። ሐኪምዎን "ይህን የመሰለ ዕጢ ምን ያህል ጊዜ አውጥተዋል? ማይክሮስኮፕ አለ? የነርቭ ክትትልስ? ፓቶሎጂው የት ይላካል?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጥሩ ሐኪም በጥያቄው አይቀየምም።

ወደ ውጭ መሄድ ትርጉም የሚኖረው ዕጢው ክፉ ሲሆን፣ ነጥብ ተኮር ጨረር ሲያስፈልግ ወይም እዚህ የሌለ መሣሪያ የግድ ሲሆን ነው። ለሚሄድ ሰው ፊልሙ ብቻ አይበቃም፤ የኤምአርአዩን ሲዲ፣ ቀድሞ ቀዶ ሕክምና ከተደረገ የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻና የፓራፊን ብሎኩን መያዝ አለበት። እግሩ በየቀኑ እየደከመ ላለ ታማሚ ግን ቪዛና ገንዘብ እስኪሟላ መጠበቅ በማይመለስ ዋጋ ሊከፈል ይችላል፤ አገር ውስጥ ያለው ሐኪም ማድረግ የሚችለው ከሆነ እዚሁ መደረጉ ይሻላል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ምን ይጠብቀኛል?

ብዙዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥተው ይራመዳሉ። የዱራው ስፌት እንዲጠብቅ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን በጀርባ ጋደም ማለት ሊታዘዝ ይችላል። ፊዚዮቴራፒ የሚጀመረው ገና ሆስፒታል እያሉ ነው። የሌሊቱ ሕመም ቶሎ ይለቃል፤ ድካሙ በሳምንታትና በወራት፣ መደንዘዙ ደግሞ ከሁሉም ዘግይቶ ይሻሻላል። እቤት ሲገቡ ከባድ ዕቃ ማንሣትና ማጎንበስ ለተወሰነ ጊዜ ይቀራል። አስታማሚውም ስሜት በሌለው እግር ላይ ትኩስ ውኃ ወይም ከሰል እንዳይጠጋ ይጠንቀቅ፤ አልጋ ላይ ያለን ሰው በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥም የአልጋ ቁስልን ይከላከላል።

ከቁስሉ ጥርት ያለ ፈሳሽ ከወጣ፣ ቁጭ ሲሉ የሚብስ ሲተኙ የሚተው ራስ ምታት ከመጣ፣ ትኩሳትና የአንገት መድረቅ ካለ፣ አዲስ ድካም ወይም የሽንት መታጎር ከተከሰተ፣ አንድ ባት ካበጠ ሳይውሉ ሳያድሩ ይመለሱ።

ዕጢው ተመልሶ ይመጣል? ክትትሉስ እስከ መቼ ነው?

ሙሉ በሙሉ የወጣ ነጠላ ሽዋኖማ የሚመለሰው በጥቂቶች ላይ ነው። የተረፈ ክፍል ካለ፣ ዕጢው ኒውሮፋይብሮማ ከሆነ ወይም ታማሚው በዘር የመጣ ችግር ካለበት ዕድሉ ይጨምራል። በተለምዶ የመጀመሪያው ኤምአርአይ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ወራት ውስጥ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡት ፊልሞች ሁሉ የሚነጻጸሩት ከእሱ ጋር ነው። ቀጥሎ በየዓመቱ ይሆንና ለውጥ ካልታየ እየራቀ ይሄዳል። ክፉ ወይም ሜላኖቲክ ከሆነ በየሦስትና በየስድስት ወሩ ነው፤ ሜላኖቲኩ ከብዙ ዓመታት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥም። ከቀጠሮው በፊት የቀድሞው የሌሊት ሕመም ከተመለሰ ቀኑን ሳይጠብቁ ለሐኪምዎ ይደውሉ።